ሥዕሉ ማንን ጠይቆ ተሣለ? ቴክኒካዊ ምስልና አንባቢው

የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩ ባህላዊ ሥዕሎቻችን ያልተጻፈ ሕግ አላቸው። ብዙውን ጊዜ የኢትዮጵያ ሠራዊት በግራ፣ የጣሊያን ሠራዊት በቀኝ ይሰለፋል። የወገን ፊት ሁለቱም ዓይኖቹ እስኪታዩ ወደ ተመልካቹ ይዞራል፤ የጠላት ወታደር ግን በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ሕጉ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የመጣ ነው። እዚያ ጻድቁ ባለ ሁለት ዓይን፣ ኃጥኡ ባለ አንድ ዓይን ነው፤ በምሴተ ሐሙስ ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ይሁዳን ለመለየት ማንበብ መቻል አያስፈልግም። ይህን ሕግ የማያውቅ እንግዳ ያንኑ ሥዕል ከላይ እስከ ታች ቢመረምረው፣ ሠዓሊው አንዳንዱን ሰው በጎን መሣል ቀልሎት ይሆናል ብሎ ከማለፍ በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ሥዕሉም ጉድለት የለበትም። የጎደለው በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ውል ነው። ደግሞ ልብ እንበል፦ ሠዓሊው ራሱ ውሉን ሙሉ በሙሉ አላመነውም። በመኳንንቱ ራስ አጠገብ ስማቸውን በፊደል ጽፎላቸዋል።

ስለ ቴክኒካዊ ተግባቦት የሚጻፉ መመሪያዎች ወደ ሥዕል፣ ግራፍና ምልክት ምዕራፍ ሲደርሱ የሚሰጡት ምክር ተመሳሳይ ነው፤ ምስሉ ቀላል ይሁን፣ ግልጽ ይሁን፣ ያልተፈለገ ጌጥ አይብዛበት። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ግልጽነትን እንደ ሥዕሉ ቀለም፣ እንደ መስመሩ ውፍረት፣ በወረቀቱ ላይ ያለ ነገር አድርጎ ይወስደዋል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው የቴክኒካዊ ምስል ውጤታማነት ከመሣሉ በፊትና በኋላ አንባቢው በመጠየቁ ላይ እንደሚመሠረት ነው። ለዚህም ከአንድ የአውሮፓ ሕልም፣ ከአንድ የኢትዮጵያ ጥናት፣ ከአንድ የአደጋ ምልክትና ጤና ኬላ ውስጥ ከሚንጠለጠል አንድ የፕላስቲክ ጥብጣብ ጋር እንቆያለን።

ሕልሙ የኦቶ ኖይራት ነው። ኖይራት እ.ኤ.አ. በ1925 ቪየና ውስጥ የማኅበረሰብና የኢኮኖሚ ሙዚየም አቋቋመ፤ ዓላማው ሠራተኛው ሕዝብ ስለ ቤት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ንግድ የሚናገሩትን ቁጥሮች ያለ ምሁር እርዳታ እንዲያነባቸው ነበር። ቃል ሰዎችን እንደሚለያይ፣ ሥዕል ግን እንደሚያቀራርብ ያምን ነበር። ሠዓሊው ጌርድ አርንትስ የቀረጻቸው ጥቁር የሰው፣ የመኪና፣ የፋብሪካ ምልክቶች ዛሬ በየአውሮፕላን ማረፊያው የምናያቸው ምልክቶች ቀደምት ዘመዶች ናቸው። ኋላ አይሶታይፕ የተባለው ይህ ሥርዓት ካወጣቸው ደንቦች አንዱ እስከ ዛሬ ዋጋውን አላጣም፦ ብዛት ሲጨምር ምልክቱን አታሳድግ፣ ቁጥሩን አብዛ። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። የቡና ምርት በእጥፍ አደገ ለማለት ጆንያውን በቁመት እጥፍ አድርጎ የሚሥል ሰው ወርዱም አብሮ ስለሚያድግ የጆንያውን ስፋት አራት እጥፍ ያደርገዋል፤ ዓይን ደግሞ የሚያየው ስፋትን ነው። በየዓመታዊ ሪፖርታችን ትንሽ ጆንያና ግዙፍ ጆንያ ጎን ለጎን ቆመው ስናይ፣ ሠዓሊው ሳያውቅ የምርቱን ዕድገት እንዳጋነነው እናስብ።

ከኖይራት ቡድን ግን እኔን ይበልጥ የምትስበኝ ማሪ ሬይድማይስተር ናት፣ ኋላ የኖይራት ባለቤት የሆነችው። የእርሷ ሥራ መሣል አልነበረም። ባለሙያው የሰጠውን የቁጥር ክምር ይዛ፣ ከዚህ ውስጥ ሕዝቡ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው፣ ከምን ጋር ቢነጻጸር ይገባዋል ብላ ወስና የመጀመሪያውን ረቂቅ ለሠዓሊው ታስተላልፋለች። ለዚህ ሥራ ያወጡት ስም በእኛ ቋንቋ አሸጋጋሪ ቢባል የሚቀርበው ይመስለኛል። አሸጋጋሪ በባለሙያውና በሠዓሊው መካከል ተቀምጦ በቦታው ለሌለው ለሦስተኛው ሰው፣ ለአንባቢው፣ ጠበቃ ይሆናል። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ባለሙያውም ሠዓሊውም አሉ፤ ይህ መካከለኛ ወንበር ግን ባዶ ነው። ኖይራት እ.ኤ.አ. በ1945 ከሞተ በኋላ ማሪ በ1950ዎቹ ለምዕራብ ናይጄሪያ ክልል መንግሥት ስትሠራ ዓለም አቀፍ የተባለው የምልክት መዝገብ እንዳለ ሊያገለግላት አልቻለም። የሰው አለባበስ፣ የቤቱ ቅርጽ፣ ሁሉም ከቦታው ሰዎች ጋር እየታየ መለወጥ ነበረበት። ሕልሙን በቅርብ የኖረችው ሴት ራሷ ሕልሙን አረመችው ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፐርሴፕሽን በተባለው መጽሔት ላይ ያን ዴሬጎቭስኪ ከኤልዛቤትና ከዊልያም ማልድሮው ጋር አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ የተካሄደው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት በሜኤን ሰዎች ዘንድ ነው፤ በጊዜው ጽሑፎች መካን ተብለው ይጠሩ ነበር። ጥያቄው፣ ሥዕል እምብዛም አይተው የማያውቁ ሰዎች በሥዕል ላይ ያለውን እንስሳ ይለዩታል ወይ የሚል ነበር። ከዋናው ጥናት በፊት የሆነው ነገር ከጥናቱ ይልቅ ብዙ ያስተምራል። ለሰዎቹ ከልጆች የቀለም መቀቢያ መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ሲሰጣቸው ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን መረመሩት። ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ጨምድደው ድምፁን አዳመጡ፣ ቀመሱት። ወረቀት ለእነርሱ አዲስ ዕቃ ነበር፤ አዲስ ዕቃ ያገኘ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ዕቃውን ያውቃል እንጂ በላዩ ያለውን ጭረት አይደለም። አጥኚዎቹ ይህን ሲያዩ ሥዕሎቹን ሰዎቹ በሚያውቁት ነገር፣ በሻካራ ጨርቅ ላይ አደረጓቸው። ጨርቁ ላይ የነበሩት የአጋዘን ዓይነትና የነብር ሥዕሎች ነበሩ። አብዛኞቹ ተጠያቂዎች ለዩአቸው። አንዳንዶቹ ግን በአንድ እይታ አይደለም፤ ጅራቱን በጣት ነክተው ጅራት ብለው፣ እግሩን እግር ብለው፣ ክፍል በክፍል እየሰበሰቡ መጨረሻ ላይ የእንስሳውን ስም ጠሩ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ፊደላቱን አንድ በአንድ ጠርቶ ቃሉን እንደሚያገኘው ማለት ነው።

ይህ ጥናት ከወጣ ወዲህ በሥነ ልቡና መጻሕፍት ውስጥ የተጠቀሰበት መንገድ ራሱን የቻለ ትችት ይገባዋል። አንዳንዶች የወረቀቱን ታሪክ ብቻ መዘው፣ ሥዕል ማየት የማይችሉ ሰዎች አሉ ለሚል ድምዳሜ ማስረጃ አድርገውታል። የጥናቱ ውጤት ከዚህ ጋር ይቃረናል። ጨርቁ ወረቀቱን ሲተካ ከሰዎቹ ዓይን የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ሥዕሉን የተሸከመው ዕቃ ነው። ሌላም ያልተመረመረ ጉዳይ አለ። እንግዳ ሰው መጥቶ ለጎልማሳ ገበሬ ነብር እያሳየ ይህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ነው። መልሱን የሚያውቅ ሰው ሌላውን የሚጠይቀው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውጭ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው ወይ ያሾፋል፣ ወይ አንዳች ነገር ደብቋል። ስለዚህ ተጠያቂው ዘግይቶ መልስ መስጠቱ የመለየት ችግር ነው ወይስ የጥንቃቄ? ጥናቱ ይህን አይለይልንም። ለእኛ ጉዳይ ግን ከዚህ የምንወስደው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፦ የአንድን ሥዕል መግባባት የምንፈትነው ሥዕሉ በሚውልበት ዕቃ ላይ፣ በሚውልበት ቦታ፣ ሰው በእርግጥ ሊጠይቀው በሚችለው ጥያቄ ነው። በኮምፒውተር መስኮት ላይ የተወደደ የዘር ማሸጊያ ምልክት፣ በላብ በረጠበና በታጠፈ ጆንያ ላይ ሌላ ምልክት ይሆናል።

ሳይጠየቅ የወጣ ምስል ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ከጨረራ ምልክቱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዛሬ ቢጫ መደብ ላይ በጥቁር የምናየው ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ በጨረራ ቤተ ሙከራው የተፈጠረ ነው። ያኔ አንባቢዎቹ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠሩ፣ ትርጉሙን በመጀመሪያ ቀን የተነገራቸው ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱ ፍጹም ምልክት ነበር፤ ከሩቅ ይታያል፣ ከሌላ ምልክት ጋር አይምታታም፣ ለመሣል ይቀላል። መመሪያዎቹ የሚሉትን ቀላልነትና ጥራት ሁሉ አሟልቷል። ከዚያ ግን ምልክቱ ከቤተ ሙከራው ወጥቶ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ፋብሪካ፣ በመጨረሻም ወደ ቆሻሻ ብረት ክምር ተጓዘ፤ ትርጉሙ ግን አብሮት አልተጓዘም። ላልተነገረው ሰው ቅርጹ የሚመስለው የቤት ማራገቢያን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የካንሰር ጨረር ሕክምና መሣሪያ ክፍል ወስደው ለቆሻሻ ብረት ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ ሲዚየም 137 ነበር፤ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ሰዎች ለውበቱ ሲሉ ለዘመድ ለወዳጅ እየቆነጠሩ አከፋፈሉት። 4 ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች በጨረራው ተበከሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ታይላንድ ውስጥ በሳሙት ፕራካን በእኛ አነጋገር ቁራሌዎች የኮባልት 60 መሣሪያ ፈትተው ሸጡ፤ 3 ሰዎች ሞቱ። የታይላንዱ መሣሪያ ምልክቱ ነበረበት፤ የፈቱት ሰዎች ግን ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። በዚህ ሁለተኛ ታሪክ ምልክቱ አልተሰረዘም፣ አልደበዘዘም። ቆሞ ይናገር ነበር፤ በቋንቋው ግን ሰሚ አልነበረም።

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ ያደረጉት ነገር ከስልሳ ዓመት በፊት መደረግ ነበረበት፤ ሄደው ጠየቁ። አማራጭ ምልክቶች ተሠርተው በ11 አገሮች፣ ኬንያንና ሞሮኮን ጨምሮ፣ ለ1,650 ሰዎች ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አዲሱ ምልክት ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከላይ ባለ ሦስት ክንፉ ምልክት ከነሞገዱ፣ ከታች በአንድ በኩል የራስ ቅልና የተጠላለፉ አጥንቶች፣ በሌላ በኩል እየሮጠ የሚሸሽ ሰው። አንድ የንድፍ መምህር ቢያየው ተጨናንቋል ይል ይሆናል። በአንድ ምልክት ውስጥ ሦስት ምልክት ምን ይሠራል? ዐረፍተ ነገር ይሠራል፦ ይህ ነገር አለ፣ ይገድላል፣ ሽሽ። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ግን ያለው በቦታው ላይ ነው። አዲሱ ምልክት በየበሩና በየግድግዳው እንዲለጠፍ አልታሰበም። አደገኛ የጨረራ ምንጭ በያዘው መሣሪያ ላይ፣ በተለመደው አገልግሎት ጊዜ በማይታይበትና መሣሪያውን ለመፍታት የሞከረ ሰው ብቻ በሚያገኘው ስፍራ እንዲቀመጥ ነው። በዚያች ሰዓት፣ መፍቻ በእጁ ለያዘ ለዚያ አንድ ሰው የተሣለ ምስል ነው። ለሁሉም የሚናገር ምልክት ለመሥራት ሲደክሙ የኖሩ ሰዎች በመጨረሻ አንባቢያቸውን ወደ አንድ ሰው ማጥበባቸው በጣም ይገርመኛል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የራስ ቅልና አጥንት ለአብዛኛው የዓለም ሰው መርዝ ወይም ሞት ነው። በእኛ የስቅለት ሥዕሎች ውስጥ ግን ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል አለ፤ የክርስቶስ ደም የሚንጠባጠበው በእርሱ ላይ ነው፣ ትርጉሙም ድኅነት ነው። የአይጥ መርዝ ዕቃ ላይ ያለውን ቅል የሚያይ ምእመን ድኅነትን ያስባል እያልኩ አይደለም፤ አውዱ ይለያቸዋል። ግን አንድ ቅርጽ ሁለት ውል ሊኖረው እንደሚችል፣ ሁለቱንም ያለ ችግር የሚያነብ ሰው በመካከላችን እንዳለ ማስታወሱ አይከፋም።

መጠየቅ ራሱ ምን ያህል በቂ ነው? በአሜሪካ የደኅንነት ምልክቶች ደረጃ አንድ ምልክት ያለ ጽሑፍ ብቻውን እንዲቆም ከተጠየቁት ሰዎች 85 በመቶው በትክክል ሊረዱት፣ በተቃራኒው የሚረዱት ደግሞ ከ5 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ ብልህ ነው። ምልክቱ ያልገባው ሰው ቆም ብሎ ይጠይቃል፤ በተቃራኒው የገባው ሰው ግን በልበ ሙሉነት ወደ አደጋው ይሄዳል። ሥዕሎቻችንን ስንፈትን ገባህ ወይ ብለን ብቻ እንጠይቃለን፤ ምን አልክ ብለን መልሱን ሰምተን የስሕተቱን ዓይነት መመዝገብ ሥራ ይፈልጋል፣ ስለዚህም ይዘለላል። በደቡብ አፍሪካ ሮዝ ዳውስና ማርቲና ኤለርስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት የአሜሪካን የመድኃኒት አወሳሰድ ሥዕሎች ከራሳቸው ከአካባቢው ሰዎች ጋር ከተዘጋጁ ሥዕሎች ጋር በኮሳ ተናጋሪዎች ዘንድ ሲያነጻጽሩ፣ በተሻለ የተነበቡት የአካባቢው ሥዕሎች ነበሩ። ውጤቱ ማንንም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ያን ያህል የታወቀ ነገር አሁንም በየአገሩ እንደ አዲስ መፈተን ያለበት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጥብጣቡ። በማንኛውም ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሙአክ የምትለው፣ የሕፃን የላይኛ ክንድ ዙሪያ የሚለካበት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ ጥብጣብ አለ። በእኔ ግምት በአገራችን ሥራ ላይ ካሉ ቴክኒካዊ ምስሎች ሁሉ የተሳካው እርሱ ነው፤ የተሳካበትም ምክንያት ከቀለሙ በፊት ይጀምራል። ሐኪሙ ዴቪድ ሞርሊ ናይጄሪያ ውስጥ ሲሠራ የልጅ ክብደት ከዕድሜው ጋር እየተነጻጸረ በመስመር የሚመዘገብበትን ካርድ አስፋፍቶ ነበር። ካርዱ ጥሩ ነው፤ ግን አንባቢው ሁለት ዘንግ፣ አንድ የተጠማዘዘ መስመር፣ በተጨማሪም የልጁን ትክክለኛ የትውልድ ወር ማወቅ አለበት። ያው ሞርሊ እ.ኤ.አ. በ1974 ሻኪር ከተባለ ተባባሪ ጸሐፊ ጋር ሆኖ ስለ ባለ ቀለም የክንድ ጥብጣብ ጻፈ። በ6 ወርና በ5 ዓመት መካከል ያለ ጤነኛ ልጅ የክንዱ ዙሪያ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ዕድሜውን ማወቅ አያስፈልግም። ዕድሜ ሲወጣ አንዱ ዘንግ ወጣ፤ አንዱ ዘንግ ሲወጣ ግራፉ ራሱ ወጣ፤ የቀረው ሦስት ቀለም ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀላል ምስል የተገኘው ሥዕሉን በማቅለል አልነበረም። የተገኘው ጥያቄውን በመለወጥ ነው፤ ይህ ልጅ ለዕድሜው ስንት ይጎድለዋል የሚለው ቀርቶ፣ ይህ ልጅ ዛሬ ሕክምና ይፈልጋል ወይ የሚለው መጣ። ዛሬ እናቶች ራሳቸው ልጃቸውን እንዲለኩበት የሚሠለጥኑት ለዚህ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ጥብጣቡንም መተቸት አለብኝ። በመጀመሪያ፣ ቀለሙ የሚሠራው የመጨረሻውን እርምጃ ብቻ ነው። ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ያለውን አጋማሽ ማግኘት፣ ሳያጠብቁና ሳያላሉ መጠምጠም የእጅ ሙያ ነው፤ በጥብጣቡ ላይ አይጻፍም። ያጠበቀች እጅ ጤነኛውን ልጅ ቢጫ ታደርገዋለች። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ቀይና ቢጫ የሚገናኙበት መስመር ዛሬ 11.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ቀድሞ 11 ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ መግለጫ ነው የቀየሩት፤ ቅያሬውም በቂ የሞት ማስረጃ ነበረው። ነገር ግን አምስት ሚሊ ሜትር ሲሸሽ ትናንት ቢጫ የነበረ ክንድ ዛሬ ቀይ ሆነ፤ ልጁ አልተለወጠም። ጥብጣቡን የያዘች እናት ይህን ማወቅ አትችልም፤ ለእርሷ ቀይ እንደ እሳት ቀይ ነው፣ ማንም የወሰነው አይመስልም። የቴክኒካዊ ምስል ታላቁ ኃይልና ታላቁ አደጋ እዚህ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ የሰውን ውሳኔ የተፈጥሮ እውነት ያስመስለዋል። የጽሑፍ ዐረፍተ ነገር ተናጋሪ አለው፤ ኮሚቴው እንዲህ ወስኗል ይላል። ቀለም ተናጋሪ የለውም።

የአንባቢውን ልማድ አለመጠየቅ የሚያመጣው ጣጣ በሥዕል ቅደም ተከተልም ይታያል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ሣጥኖች የሚተርኩ የሸራ ሥዕሎቻችን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ እንደ ፊደላችን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን የጽዳት ኬሚካል አጠቃቀምን በአራት ሥዕል የሚያሳይ ወረቀት ቢሰጣት ከግራ ትጀምራለች፤ ለዐረብኛ አንባቢ የተዘጋጀው ወረቀት ግን ከቀኝ ይጀምራል። መጨረሻው መጀመሪያ ሆነ ማለት ነው። በየሥዕሉ ጥግ አንድ አኃዝ መጻፍ ችግሩን ይፈታዋል፤ አኃዙ በዐረብኛው ቅርጽ ብቻ ከተጻፈ ግን እንደገና ሌላ ሥዕል ይሆንባታል።

ከሁሉ የሚረቀው ግን የሰዓትና የቀን ጉዳይ ነው። በመድኃኒት ዕቃ ላይ የሰዓት ሥዕል መሣል የተለመደ ነው፤ አጭሩ ቆጣሪ 8 ላይ፣ ረጅሙ 12 ላይ። ፈረንጁ ጠዋት 8 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። የእኛ ሰው ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ነው ብሎ ካሰበ ከቆጣሪው ትይዩ ያለውን 2ን አይቶ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይላል፤ ይህን ሳናስተውለው በየቀኑ የምናደርገው ብልሃት ነው። ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ነው ካለ ግን ስምንት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ይሆናል። ሥዕሉ አንድ ነው፣ በመካከሉ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ ሁለቱም አንባቢዎች ትክክል ናቸው። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ የሚያሳይ ሥዕል እዚህ ከሰዓት ይሻላል፤ የእኛ አቆጣጠር ራሱ ከፀሐይ መውጣት ይነሣልና።

በግራፍ አግድም ዘንግ ላይ የሚቀመጠው ዓመት ከዚህ ይብሳል። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ግራፍ የምንሠራባቸው ሶፍትዌሮች ግን ዓመት ከጃንዋሪ ይጀምራል፣ ወሩም 12 ነው ብለው ተሠርተው ያደሩ ናቸው። በወር የተከፋፈለ የራሳችንን መረጃ እንዳለ ብንሥለው ዐሥራ ሦስተኛዋ ዓምድ፣ ጳጉሜን፣ በየዓመቱ ገደል ትገባለች፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ወር ሌላ ምን ትሆናለች? ከነሐሴ ጋር ብትደመር ነሐሴ ያብጣል፣ ከመስከረም ጋር ብትደመር መስከረም። የቀን አማካይ መሥራት መፍትሔው ነው፤ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የጤና ፕሮጀክት ሪፖርት እንዳርም ተሰጥቶኝ ነበር። በውስጡ የአንድ ክሊኒክ ታካሚዎች ቁጥር በሩብ ዓመት የሚታይበት ግራፍ አለ። ኮቪድ እንደገባ ቁጥሩ ያሽቆለቁላል። ዘንጉ ላይ 2012፣ 4ኛ ሩብ ተብሎ ተጽፏል፣ ማለትም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም.። ገንዘብ ሰጪው ድርጅት ውጭ አገር ያለ ነውና፣ ከስምንት ዓመት በፊት የሆነውን ለምን ትነግሩናላችሁ የሚል ጥያቄ መጣ። የፕሮጀክቱ ሰው ፈጥኖ አረመው፤ 2012 የሚለውን አጥፍቶ 2020 ጻፈበት፣ 4ኛ ሩብ የሚለውን ግን አልነካውም። አሁን ነገሩ ባሰ። ቀድሞ ስሕተቱ ያስቅ ነበር፣ ስለዚህ ይታይ ነበር፤ አሁን ግን የሚያሳምን ስሕተት ሆነ። ውጭ ያለው አንባቢ 4ኛ ሩብ 2020ን ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር አድርጎ አነበበውና፣ ወረርሽኙ አገር ከገባ ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ነው ታካሚ የቀነሰው ብሎ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመረ።

ከግራፉ ሠሪ ወጣት ጋር ተቀመጥን። ሩብ የሚለውን ቃል ትተን በየዓምዱ ሥር ወሮቹን በሁለቱም አቆጣጠር እንጻፍ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ላይም ቀጥ ያለ መስመር አስምረን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘበት ቀን ብለን እንጻፍበት አልኩት። አልተዋጠለትም። የኤድዋርድ ታፍቲን ትምህርት በሚገባ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ዝነኛ መጽሐፉ ታፍቲ በግራፍ ላይ ያለ ቀለም በተቻለ መጠን መረጃውን ራሱን የሚያሳይ እንዲሆን፣ የተቀረው እንዲጠፋ ያስተምራል። የእኔ ሐሳብ አንዱን ቀን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፤ በታፍቲ ሚዛን ይህ ብክነት ነው። ልጁ በታፍቲ አንባቢ ዘንድ ትክክል ነበር፤ ያ አንባቢ ግን አንድ አቆጣጠር ብቻ ያለው ሰው ነው። የእኛ ሪፖርት ሁለት አንባቢ ነበረው፣ አንዱ ወረዳ ላይ፣ አንዱ ባሕር ማዶ። ለእነርሱ ሁለት ጊዜ የተጻፈው ቀን፣ የዐድዋው ሠዓሊ በመኳንንቱ ራስ አጠገብ እንደጻፈው ስም ነው። ልጁም እያጉረመረመ ጻፈው። ግራፉ በእውነት አስቀያሚ ሆነ፤ ቦታው ለወሮቹ ስላልበቃ ፊደሉ አንሶ በሰያፍ ተጋደመ።

ሪፖርቱ ከሄደ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚያው ድርጅት አዲስ ጥያቄ መጣ። ስለ ቀን አንድም ቃል የለበትም። ከሰኔ በኋላ እናቶች ለወሊድ ክትትል ሲመለሱ ሕፃናት ለክትባት የዘገዩት ለምንድን ነው ይላል።